የረጋ ቁጥር

ወንድሜ አንድ ቃል አለው፤ «አብሽሪ»። ኪሱ ባዶ ቢሆን፣ ጥርሱ ሲነዘንዘው አድሮ ጉንጩ አብጦ ቢነሳ፣ ጣሪያው ዝናብ ቢያስገባበት፣ «እንዴት ነህ?» ስትሉት መልሱ ያችው ናት። ወሎ ውስጥ ይህችን ቃል የማይላት ሰው የለም። አይዞሽ ማለት ናት፣ አታስቢ፣ ሁሉም ደህና ነው። ሌላ ሰው ሲላት ደስ ትለኛለች። ወንድሜ ሲላት ግን አትጥመኝም፤ ደህና ሲሆንም ሳይሆንም ድምፁ አንድ ነዋ።

ጦርነቱ ወደኛ አካባቢ የመጣ ጊዜ እኔ ቦሩ ሜዳ እናታችን ዘንድ ነበርኩ፣ እሱ ኮምቦልቻ። ስልክ ከመቋረጡ በፊት እንደ ምንም አገኘሁትና «እንዴት ነህ?» ስለው፣ «አብሽሪ እታለም፣ ሰላም ነው» አለኝ። ታናሽ እህቱ ነኝ፤ እሱ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ታላቅ «እታለም» እያለ ነው የሚጠራኝ። አመንኩት። እናቴንም «ደህና ነው፣ አታስቢ» ብዬ አረጋጋኋት። በኋላ ሲነግሩን ለካ ያን ሰዓት ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ፣ እህል ሳይቀምስ ኖሯል የሚያወራኝ። መንገዱ ተከፍቶ በሕይወት ሳገኘው አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። አልቅሼ ሳበቃ ደግሞ ደሜ ፈላ።

«ሰው እየሞተም ሰላም ነው ይላል?» ብዬ ጮህኩበት።

ሳቀ። «ብነግርሽ ምን ታደርጊልኝ ነበር?» አለ።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ስለሆነ በየማለዳው በፋብሪካው ሰርቪስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ፣ ማታ ማታ ያንኑ ጠመዝማዛ እወጣለሁ። ደሴ ሹራብ ደርቤ የተሳፈርኩ ኮምቦልቻ ስደርስ አውልቄ ክንዴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ወንድሜ እዚያው ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ ስለሚኖር በዚህ ያሾፍብኛል፤ «ደግሞ ብርዱን ይዘሽብን መጣሽ» ይላል።

ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ የማሽኖቹን ዓይንና ጆሮ እጠብቃለሁ እላለሁ። ሴንሰር የሚባሉ ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፤ አንዱ ሙቀት ይለካል፣ አንዱ ግፊት፣ አንዱ የውሃ መጠን። የለኩትን በሽቦ ወደ መቆጣጠሪያው ሳጥን ይልካሉ፣ ሳጥኑም በተነገረው መሠረት እሳት ይጨምራል፣ ውሃ ያስገባል፣ ያቆማል። ራሱ ምንም አያይም። የነገሩትን ሁሉ ያምናል። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ የነገሩኝን ሁሉ የማላምን፣ ነገር የምቆሰቁስ ሰው ነኝ፤ እናቴ «በዚህ ጠባይሽ ማን ያገባሽ ይሆን» ስትል የኖረችበት ጠባዬ እንጀራ ሆነልኝ።

ከማሽኖቹ ሁሉ የምፈራው ቦይለሩን ነው። ቦይለር ማለት ሆዱ ውስጥ እሳት የሚነድበት፣ እሳቱን ውሃ የከበበው ትልቅ የብረት ጋን ነው፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደ ማቅለሚያው አዳራሽ ይሄዳል። ውሃው እስካለ ድረስ ሰላም ነው። ውሃው አልቆ እሳቱ ካልጠፋ ግን ብረቱ ይግላል። በጋለው ብረት ላይ አንድ ሰው ደንግጦ ቀዝቃዛ ውሃ ከለቀቀበት ደግሞ ጋኑ ይፈነዳል፣ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ጋን አጠገብ አንድ ወንበር አለች። እዚያች ወንበር ላይ የሚቀመጠው የቦይለሩ ኦፕሬተር ወንድሜ ነው። ፋብሪካው ስለ ምርቱ ይጨነቅ፤ እኔ የምጨነቀው ስለዚያች ወንበር ነበር።

የድሮው መቆጣጠሪያ በጦርነቱ ጊዜ ተነቃቅሎ ስለተወሰደ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር አዲስ ተገጠመ፤ ስክሪን ያለው፣ ቢሮ ተቀምጠውም የሚያዩት። የገጠሙት ሰዎች ሊሄዱ ሲሉ አንዱ ስለ ሐሰተኛ ምልክት ገለጻ ሰጠን። ክፉ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ፣ ወይም ሽቦው ላይ አንድ ነገር ሰክቶ ለመቆጣጠሪያው የውሸት ቁጥር ሊነግረው ይችላል አለ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ሰላም መስሎ ይታያል፣ ማሽኑ ግን ራሱን እየገደለ ነው። ይህን ሲል እኔ የታየኝ ወንድሜ ነው። ለሥራ አስኪያጃችን የታየው ጠላት ነበር፤ አንዴ የተዘረፈ ሰው ነው፣ አይፈረድበትም። ከስብሰባው ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ «ይህን ነገር አንቺ ያዥው። ማንም እንዳይገባብን» አለኝ።

ያዝኩት። መጀመሪያ መቆጣጠሪያውን ከኢንተርኔት ለየሁት። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ የድሮው የሳጥኑ በር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር፣ እንዳይረሳ ተብሎ። ቁልፍ አስገጠምኩ። ይህ ሁሉ ግን አጥር ነው። አጥሩን አልፎ የገባ ሰው ቢዋሽስ?

እዚህ ላይ አባታችን ትዝ አለኝ። በሕይወት ሳለ በአገሩ ሽማግሌ ነበር፤ ድንበሬን ገፋኝ፣ በሬዬን ወጋብኝ እያሉ ይመጡበታል። ምስክሮቹን አንድ ላይ አይጠይቅም። አንዱን ዛፍ ሥር፣ ሌላውን አጥር ጥግ ያስቀምጥና እየዞረ ለየብቻ ይጠይቃቸዋል። ከተስማሙ እሰየው። ካልተስማሙ «ዛሬ ማንንም አላምንም» ብሎ ነገሩን እዚያው ያቆመዋል፤ ሰው ቢያጉረመርምም አይሰማም። እኔም ለቦይለሩ ውሃ ምስክር ፈለግሁለት። ወደ ጋኑ የሚገባው ውሃ አንድ፣ ከጋኑ የሚወጣው እንፋሎት ሁለት። ብዙ እየወጣ፣ ትንሽ እየገባ፣ የውሃው ሴንሰር ግን «ምንም አልጎደለም» ካለ አንዳቸው ይዋሻሉ።

ሌላም ነገር ጨመርኩ። የሚፈላ ውሃ አንድ ቦታ አይቆምም። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያለ ይርገበገባል፤ ጤነኛ ቦይለር ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ረግቶ ከቆየ ፕሮግራሙ እንዲጠረጥረው አዘዝኩ። ምስክሮቹም ካልተስማሙ ማንንም ሳይጠይቅ እሳቱን ያጥፋ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን መልእክት በአማርኛ ጻፍኩት፦ «ምስክሮች አልተስማሙም»።

ሥራ አስኪያጁ አልወደደውም። «ያለ ምክንያት ምርት ቢያቆምብኝስ?» አለ። «ያለ ምክንያት ካቆመ እኔን ይጠይቁኝ» አልኩት። ወንድሜማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ኧረ በአላህ! ቁጥሩ ካልተንቀጠቀጠ አላምንም አልሽ? ውሃውን ወባ ይያዘው እንዴ?»

«አንተንም በዚሁ ምክንያት ነው የማላምንህ።»

«አብሽሪ» አለኝ፣ እየሳቀ።

ረመዳን ገባ። በፋብሪካችን ማንም ያልደነገገው፣ ማንም የማያፈርሰው ልማድ አለ። በረመዳን የማፍጠሪያው ሰዓት ሲደርስ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ቦታ ይይዛል፤ በገናና በፋሲካ ደግሞ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን። ወንድሜን የሚተኩት አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ናቸው፤ ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። ክርስቲያን ናቸው፣ ሲምሉ ግን «ወላሂ»ን እና «በእመብርሃን»ን እየቀላቀሉ ነው። ከወንድሜ ጋር መተካካት የጀመሩት እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። የቦይለሩን ሥራ አያውቁም፤ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ አንድ ነገር ከመሰላቸው ይጠሩታል።

በድሮው መቆጣጠሪያ ይህ ይበቃ ነበር። የአዲሱ አላርም ግን እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ይጮሃል፣ ትንሽ ከፍ ሲል ይጮሃል። እንዲያስተካክሉልን ለገጠሙት ሰዎች ነግረን መልስ እየጠበቅን ነበር። ወንድሜ ለምዶታል፤ እጁን ዘርግቶ ዝም ያሰኘዋል። አባባ ግን በጮኸ ቁጥር ይደነግጡና ወደ መስገጃው ክፍል ይሮጣሉ። ወንድሜ ሾርባውን አስቀምጦ ይመጣል፤ ምንም የለም። ይመለሳል፤ ደግሞ ይጮሃል። አባባ «አስቸገርኩህ» ይላሉ፣ እሱ «ኧረ እኔ ነኝ ያስቸገርኩዎት» ይላል። የኛ አገር ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰው በር ላይ ቆሞ «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባል ዝናብ ይመታዋል። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ሩጫው ቀረ። አባባ ለመዱት ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ቀን ሥራዬን ጨርሼ ከግቢው በር አጠገብ ሰርቪስ እጠብቃለሁ። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገብታለች። ቦርሳዬ ውስጥ ተምርና ውሃ ይዣለሁ። አዛን ተሰማ። ቢስሚላህ ብዬ ተምሯን አፌ ውስጥ ስከት የቦይለሩ ድምፅ ቆመ። እዚያ ግቢ ውስጥ የሚውል ሰው ያን ጉርምርምታ መስማት ትቷል፤ ሲጠፋ ግን ሁሉም ቀና ይላል። ተምሯን ከነፍሬዋ በጉንጬ ይዤ ሮጥኩ።

ቦይለር ቤት ስደርስ አባባ ብቻቸውን ቆመዋል። አላርሙ ይጮሃል። ስክሪኑ ላይ ውሃው ግማሽ ይላል፣ ደልቶት የተቀመጠ ግማሽ። ከሥሩ ግን በቀይ የኔው ጽሑፍ፦ «ምስክሮች አልተስማሙም»። እሳቱ ጠፍቷል። ጋኑ ጎን ላይ የውስጡን ውሃ በዓይን የሚያሳይ የመስታወት ቱቦ አለ፤ አባባ እሱን ነው የሚያዩት። ቱቦው ውስጥ የውሃ መስመር የሚባል ነገር የለም። እጃቸው ወደ ፓምፑ ማስነሻ ተዘርግቷል፣ ውሃ ሊለቁበት።

«አባባ! እንዳይነኩት!»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ልጄ፣ ውሃ የለውምኮ!»

«ለዚህ ነው እንዳይነኩት የምልዎ! ይውጡ!»

ለታላቅ ሰው እንዲህ ጮኼ አላውቅም። የእንፋሎቱን መዝጊያ ዘጋሁና ክንዳቸውን ይዤ ጎትቼ አወጣኋቸው። የማቅለሚያው አዳራሽ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አስጠራሁ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ የሆነ ሴቶች ምን መጣ እያሉ ወጡ፤ ሁላችንም ከግንቡ ርቀን ሜዳው ላይ ቆምን። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው። ውሃው የት እንዳለ ያልታወቀ የጋለ ጋን አይነካም፤ በራሱ እስኪበርድ ይተዋል።

ወንድሜ ከመስገጃው ክፍል እየሮጠ መጣ፤ የውዱእ ውሃ ከፊቱ አልደረቀም። ቀጥታ ሊገባ ሲል ሸሚዙን ጨምድጄ ያዝኩት።

«አባባስ?» አለኝ።

ምን ተፈጠረ አላለም። ውሃው እንዴት ነው አላለም። አባባ ከኋላዬ ነበሩ፤ አያቸውና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ያኔ አንድ ነገር ጠረጠርኩ፣ ግን ለራሴም አልነገርኩትም።

ሜዳው ላይ እንደቆምን ሰዎች ተምርና ውሃ ማዞር ጀመሩ፤ ሳምቡሳ ይዞ የወጣም ነበር። የጾመው ቆሞ አፈጠረ። ጉንጬ ውስጥ የነበረችው ተምር ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። አባባ ጠጋ አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ «ብነካው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አማተቡና ወደ ቦይለር ቤቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

ግፊቱ ወርዶ አደጋው ማለፉ ከታወቀ በኋላ ወደ መቆጣጠሪያው ገባሁ። የውሃውን መስመር ስክሪኑ ላይ ወደ ኋላ መለስኩት። ቀኑን ሙሉ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ የሚርገበገብ መስመር ነው። ከአዛን ጥቂት ቀደም ብሎ በድንገት ቀጥ ይላል፣ የተወጠረ ክር ይመስላል። ውሃ እንዲህ አይሆንም። የሳጥኑን የኋላ በር ከፈትኩ። ከሴንሰሩ የሚመጣው ሽቦ ተነቅሎ በቦታው ሌላ ገብቷል፤ የዚያኛው ጫፍ መዳፍ የምታህል ቢጫ ዕቃ ላይ ነው። አይቼ የማን ናት አላልኩም። የራሴ ናት። መቆጣጠሪያውን ስፈትሽ በሴንሰሩ ፈንታ የፈለግሁትን ቁጥር የምነግርበት መሞከሪያ ናት፤ ማዕዘኗ ተሰብሮ በጥቁር ፕላስተር የጠቀለልኳት እኔው። የዕቃ ቁም ሳጥኔንም የመቆጣጠሪያውንም ቁልፍ ሳልሰጋ የሰጠሁት ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ጠራሁት። መሞከሪያዋን በእጄ ሲያያት ትከሻው ወረደ።

«እሳቸው ለኔ ብለው መጥተው በጩኸቱ ሲሳቀቁ ማየት ከበደኝ» አለ። «ለማፍጠሪያዋ ብቻ ነው። ግማሽ ላይ አደርጋትና እሄዳለሁ፣ ስመለስ እነቅላታለሁ። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ያርፋል፣ ውሃው አይጎድልም። ዛሬ እንደሚሠሩ ማን ነገረኝ?»

እውነቱን ነው፤ በሌላው ቀን አዳራሹ ለማፍጠሪያ ይቆማል፣ ምስክሮቹም ይስማማሉ። ያን ቀን አስቸኳይ ሥራ ስለመጣ ክርስቲያኖቹ ማሽኖቹን ሳያቆሙ ቀጥለው ነበር። እንፋሎቱ ይወጣል፣ ውሃው ይወርዳል፣ መቆጣጠሪያው ግን ግማሽ ነው ስለተባለ ተጨማሪ ውሃ አላስገባም። ውሃ ሲያንስ እሳቱን በራሱ የሚቆርጥ ሌላ መከላከያ ነበረን፤ እሱም በዘረፋው ሄዶ መለዋወጫው ገና አልመጣም። የቀረው ወንድሜ የሳቀበት የኔ ፕሮግራም ብቻ ነበር።

«አባባ ቢሞቱስ?» አልኩት። «ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢሞቱስ? ወይ አንተ ስትነቅላት ቢፈነዳስ? እናቴን ምን ልላት ነበር?»

«አብሽሪ እታ...»

«እንዳትላት!» ድምፄ ከግድግዳው ተላትሞ ተመለሰ። «ያችን ቃል ዛሬ እንዳትላት!»



ሥራ አስኪያጁ ከቤቱ ተጠርቶ ሲደርስ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ገቡብን አይደል?» አለ። «ያ ሰውዬ ነግሮን ነበር። ከውጭ ነው አይደል?» ስልኩ እጁ ላይ ነው፤ ፖሊስ ሊጠራ ነው። መሞከሪያዋ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። መዋሸት አልወድም፣ ክፉ ሐሳብ ግን መጣብኝ። ዝም ብል ነገሩ ስምና መልክ በሌለው ጠላት ላይ ያርፋል፣ ወንድሜም ሥራው ላይ ይቆያል። ግን ያ ጠላት ሲፈለግ ስንት ምንም ያላደረገ ሰው ይጠረጠራል? ደግሞስ እኔ ከመሞከሪያዋ በምን ተሻልኩ? እሷም ያደረገችው ሰላም ነው ማለት ነው። ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ወንድሜ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ» አለ፣ በዚያ በማይለወጥ ድምፁ። «ማንም አልገባም። የሰካሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ በእመብርሃን አይደለም!» አባባ ከኋላ ተንደርድረው መጡ። «ጩኸቱ አስጨነቀኝ፣ ዝም አሰኝልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ወላሂ እኔ ነኝ!»

«እሳቸው ምንም አያውቁም።»

«አውቃለሁ እንጂ! ዝም በል አንተ!»

ሥራ አስኪያጁ አንዴ ይህን አንዴ ያን ያያል። ሰው ከጥፋት ሲሸሽ እንጂ ጥፋት ሲሻማ አይቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም። በመጨረሻ ወደኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ምስክሮች አልተስማሙም» አልኩት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ሳቅ ይሁን ንዴት የመጣበት፣ ፊቱን አዞረ። ከዚያ የሆነውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ወንድሜ እንደሰካት፣ አባባ እንደማያውቁ፣ ከውጭ ማንም እንዳልገባ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ትከሻው ሲላላ አየሁ፤ ወራት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ጠላት አልመጣም።

ጋኑ በማግስቱ ተፈተሸ። ውሃው ከመስታወቱ ሥር ወርዷል እንጂ ብረቱን ገና አላጋለጠውም። የፈተሸው ሰው ሁለት ጣቶቹን አቀራርቦ «ይህችን ታህል ነው የቀራችሁ» ብሎ አሳየኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ እያልኩ እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰውየው ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ስለ ወንድሜ ስብሰባ ተቀመጡ። ይባረር ያሉ ነበሩ። እኔ የእህት ነገር ይሆናል ብዬ አፌን ዘግቼ ልቀመጥ አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም። «ማባረር ትችላላችሁ» አልኩ። «ግን ቁልፍ በቁልፍ ላይ ብደርብም፣ የሚራብ ሰውና ሰው ማስቸገር የማይወድ ሽማግሌ እስካሉ ድረስ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ አላርሙ ይስተካከል። ሁለተኛ፣ ማፍጠሪያው እዚያው ይምጣላቸው።» ሥራ አስኪያጁ ብዙ አሰበና «ጠላት ከሚሆን የራሳችን ጅል ቢሆን ይሻለኛል» አለ። ወንድሜ ለጥቂት ቀን ታግዶ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ቁልፎቼን ግን ከእጁ ተቀብያለሁ። እስካሁን አልመለስኩለትም።

ስለዚህ በቀረው ረመዳን አንዲት ጠረጴዛ መቆጣጠሪያው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ወንድሜና አባባ እዚያ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ሆኖ ይበላሉ። የአባባም ጾም ከኛ ጋር ስለገጠመ ሳምቡሳው የምስር ብቻ ሆነ። ሰርቪሱ በዘገየ ቀን እኔም እቀላቀላቸዋለሁ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል አባባ «ይኸው፣ ወባ ያዘው» ይላሉ፤ የወንድሜን ቀልድ ወስደው የራሳቸው አድርገውታል። ወንድሜ ይስቃል። ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል አይወጣውም። «ደህና ነህ?» ስለው «ደህና ነኝ» ይላል፤ የከለከልኩትን ቃል ትቶ በሌላ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ሽቦውን ጠግኜዋለሁ፣ ፕሮግራሙን ለሌሎቹ ማሽኖችም አስገብቼዋለሁ፤ ነገ እሱ በአንድ ነገር ሲጨነቅ ግን በምን ላውቅ ነው?

ዒድ ዕለት ከወንድሜ ጋር ከደሴ በሚኒባስ ተሳፍረን ቦሩ ሜዳ እናታችን ዘንድ ሄድን። ስለ ቦይለሩ አልነገርናትም፤ ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስወዛገብ ነበር። እሱ በመስኮት የበልጉን ገብስ ቡቃያ እያየ ዝም ብሏል። እናታችን ሁለታችንንም አገላብጣ ስማ አስቀመጠችን። ሳህኑን ከፊታችን አድርጋ፣ እንደ ሁልጊዜዋ «ሥራ እንዴት ነው ልጄ?» አለችው።

ያችን ቃል ጠበቅኋት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ወደኔ አየ፣ ወደ እሷም አየ፤ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ።

«እማ» አለ። «ፈርቼ ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር።»

ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ መሃል ላይ ተቆረጠ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

እናቴ ደነገጠች፤ «ምን ሆንክብኝ?» ብላ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ እፎይ አልኩና ሳህኑን ወደኔ ሳብ አድርጌ መብላት ጀመርኩ።